ዘጠኝ ሃይድሮጂን ያቀፈው ሬኒየም

ፖታሲየም ሬኒየም ሃይድራይድ ቀለም የሌለው፣ በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው። አንድ የሬኒየም አቶም መሃል ተቀምጦ ዘጠኝ የሃይድሮጂን አቶሞች ይከቡታል፤ ሁለት የፖታሲየም አቶሞች ደግሞ ኤሌክትሮኖቻቸውን ለዚህ ስብስብ ሰጥተው ከዳር ይቆማሉ። ሌላ አጃቢ ሳይኖር ይህን ያህል ሃይድሮጂን ብቻውን የሚሸከም ብረታ ብረት ብርቅ ነው።

ኬሚስቶች ይህን እስኪያውቁ ብዙ ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጨው ውስጥ ያለው ሬኒየም እንደ ክሎሪን አሉታዊ ሙል የያዘ ነው ተብሎ «ሬናይድ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በትንተና የተገኘው ሃይድሮጂንም የውሃ ተደርጎ ተቆጠረ። ኋላ ከሬኒየሙ ጋር የተሳሰረ ሃይድሮጂን መኖሩ ቢታመንም ቁጥሩ ገና አራት ነበር። ስህተቱ አይፈረድበትም። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮንን ነው፤ ሬኒየም 75 ኤሌክትሮን ሲኖረው ሃይድሮጂን ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ በጎረቤቱ ጥላ ይዋጣል። ኒውትሮን ግን በአቶሙ አስኳል ላይ ስለሚነጥር ሃይድሮጂንን አይስተውም። በ1964 ክሪስታሉ በሁለቱም ዘዴ ሲመረመር ዘጠኙም ተገኙ።

አቀማመጣቸው ሥርዓት አለው። ስድስቱ በባለሦስት ማዕዘን ፕሪዝም ጫፎች ላይ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ከፕሪዝሙ ሦስት ጎኖች ፊት ለፊት አንድ አንድ ሆነው ይቆማሉ። ጨው ሲሟሟ ግን ሃይድሮጂኖቹ ቦታ በፍጥነት ስለሚቀያየሩ በማግኔታዊ ምርመራ ዘጠኙም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ።

ለምን ዘጠኝ? ሬኒየም ለትስስር የሚያውላቸው ዘጠኝ የኤሌክትሮን ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክፍል ሁለት ኤሌክትሮን ይይዛል። የራሱ 7፣ የሃይድሮጂኖቹ 9 እና የፖታሲየሞቹ 2 ሲደመሩ 18 ይሆናሉ፤ ክፍሎቹ በሙሉ ይሞላሉ። ሃይድሮጂን ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ዘጠኝ ሆኖ ሲከብ አይጣበብም። ስብስቡ በአልካላይ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ አሲድ ሲነካው ግን ሃይድሮጂኑን ለቆ ይፈርሳል።

ይኸው ስሌት ምስማር በሚሠራበት ተራ ብረትም ይገኛል። ብረትና ማግኒዚየም ብቻቸውን ተዋህደው ቅይጥ አይሠሩም፤ ሃይድሮጂን ሲገባ ግን ይስማማሉ። የብረቱ 8፣ የስድስት ሃይድሮጂኖች 6፣ የሁለት ማግኒዚየሞች 4፤ ድምሩ አሁንም 18 ነው። በዚህ ውህድ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 150 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂን አለ፤ በፈሳሽ ሃይድሮጂን ውስጥ ግን 71 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።

ሬኒየም ውድ ስለሆነ ለነዳጅ ማጠራቀሚያ አይታሰብም። የብረቱ ውህድ ርካሽ ነው፤ ሃይድሮጂኑን ለማስለቀቅ ግን ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል።