ቀይ ሥር ደም ይሆናልን? የዕለት ምግቦቻችንና የሴቶች ደም ማነስ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሚሆነኝ የአንዲት የቅርብ ዘመዴ ታሪክ ነው። ዕድሜዋ በሠላሳዎቹ አጋማሽ የሚገኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ ራሷን ያዞራታል። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ደም ማነስ እንዳለባትና ቀይ ሥር ማዘውተር እንደሚገባት ተነግሯት ተመለሰች። ለስምንት ወራት በየማለዳው የቀይ ሥር ጭማቂ ጠጣች። በመጨረሻ በሌላ ቦታ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር 7 ግራም ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ማዮማ የምንለው የማሕፀን ዕጢ ነበር፤ የወር አበባዋ በየወሩ ዘጠኝና ዐሥር ቀን ይፈስሳል። በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ «ስንት ቀን ይቆይብሻል?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም። የሥነ ምግብ መምህር ሆኜ ሳለሁ ያደረግሁላት ነገር ቢኖር «ሎሚ ጨምሪበት» ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ምግብ መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ላይ አይደለም። ጥያቄዬ ጠበብ ያለ ነው፤ በማዕዳችን ላይ ያለው የዕፀዋት ምግብ ለሴቶች ደም ማነስ ምን ያህል ይሠራል? የማይሠራውስ የት ላይ ነው?

ከቀይ ሥር እንጀምር። ቀይ ሥር ደም ይተካል የሚለው እምነት ከቀለሙ የመጣ ይመስለኛል። ቀለሙን የሚሰጡት ግን ቤታላይን የተባሉ ውሁዶች ናቸው፤ ከብረት ማዕድን ጋር ግንኙነት የላቸውም። በ100 ግራም ቀይ ሥር ውስጥ የሚገኘው ብረት ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት በቀን የሚመከረው መጠን ግን 18 ሚሊግራም ሲሆን በእርግዝና ጊዜ ወደ 27 ያድጋል። ቀይ ሥር መልካም ምግብ ነው፤ ደም ግን አይሆንም።

ሒሳቡን እንመልከተው። በጤነኛ ሰው አንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት አለ። በወሊድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ደም የፈሰሳት እናት እንግዲህ ወደ 250 ሚሊግራም ብረት አጥታለች ማለት ነው። ከዕፀዋት ምግብ በቀን 20 ሚሊግራም ብታገኝና ሰውነቷ ከዚያ ውስጥ አንድ ዐሥረኛውን ቢወስድ 2 ሚሊግራም ይደርሳታል። ከዚህም አንዱ በቆዳና በአንጀት በኩል በየዕለቱ የሚወጣውን ይተካል። ለክምችት የሚተርፈው 1 ሚሊግራም ነው፤ የጠፋውን ለመመለስ ከስምንት ወር በላይ ይፈጃል። በወር አበባ ከ80 ሚሊሊትር በላይ ደም የሚፈስሳት ሴት ደግሞ በየወሩ ወደ 40 ሚሊግራም ብረት ስለምታጣ በዚህ መንገድ መቼም አትደርስም። ዘመዴ ስምንት ወር ሙሉ ቀዳዳ እንስራ ስትሞላ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ «ጤፍስ?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ እጠየቃለሁና። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው መባሉ ከብሔራዊ ኩራታችን አንዱ ሆኗል። ይሁን እንጂ በተለያዩ ጥናቶች የተመዘገበው መጠን በ100 ግራም ከ10 ሚሊግራም አካባቢ ተነሥቶ ከ100 በላይ ይደርሳል። የአንድ እህል ተፈጥሮ ይህን ያህል ሊለያይ አይችልም። ምሥጢሩ ያለው አውድማው ላይ ነው። ጤፍ በመሬት ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ፣ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ አፈር ይቀላቀልበታል፤ የሀገራችን ቀይ አፈር ደግሞ በብረት ኦክሳይድ የተሞላ ነው። ቤተ ሙከራው ያንን ሁሉ ብረት ብሎ ይቆጥረዋል፤ አንጀታችን ግን አብዛኛውን አይቀበለውም። በአግባቡ የታጠበ ጤፍ የሚያሳየው ቁጥር በጣም ያነሰ ነው፤ ይህም ቢሆን ከብዙ እህሎች የሚያንስ አይደለም።

ሁለተኛው እንቅፋት ፊታይት የተባለው ውሁድ ነው። ፊታይት በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል፤ ብረትን አጥብቆ ይይዝና ከሰውነት ይዞት ይወጣል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ጥበብ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፊታዝ የተባለው ኤንዛይም ፊታይቱን ይሰባብረዋል። በሁለትና ሦስት ቀን በደንብ የቦካ እንጀራና በጥድፊያ ከተቦካ ማግሥት የተጋገረ እንጀራ በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። የከተማው ሩጫ እርሾውንም ማሳጠሩ ያሳስበኛል።

ሦስተኛውን ለመናገር ትንሽ እፈራለሁ፤ ቡናችንን የሚነካ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ሰዓቱ ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም ጉዳት አላመጣም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀንሷል። እኛ ደግሞ ምሳ እንደተነሣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን እንቀጥላለን። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ማንም አይሰማኝም። ደም ማነስ ላለባት ሴት ግን ቡናው ከምግቡ ቢቀድም ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ቢዘገይ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። በተቃራኒው ሎሚ የተጨመቀበት ምስርና ከወጡ ጎን የሚቀርብ ጥሬ ቃሪያ፣ በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ሲ አማካይነት፣ የዕፀዋትን ብረት ለመምጠጥ ያግዛሉ። ስለዚህ ለዘመዴ የሰጠኋት ምክር ስሕተት አልነበረም፤ ያለ ጊዜው የተሰጠ ነበር እንጂ።

ወደ አራስ ቤት እንግባ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ የሚገባበት ቤት ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የአብሽ ውሃው የሚቀርብበት ነው። የምታጠባ እናት በቀን ተጨማሪ 500 ያህል ካሎሪ ስለሚያስፈልጋት ቅቤ የገባበት ገንፎ ተገቢ ምግብ ነው፤ ከሥራ ማረፏም እንደዚያው። አብሽ ወተት ይጨምራል መባሉን በተመለከተ ያሉት ጥናቶች ትንንሽና ደካማ ናቸው። ውሃው ብቻውን አይጎዳም፤ የደም ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የታዘዘላት እናት ግን አብሽ ከማዘውተሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ስለ ተልባ ግን ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ምጥ ሲመጣ ተልባ ይጠጣል፤ ያንሸራትታልና ልጁን ያቀለዋል ይባላል። ተልባው የሚወርደው ወደ ጨጓራና አንጀት ነው፤ ከማሕፀን ጋር የሚያገናኘው መንገድ የለም። ተልባው ራሱ አይደለም የሚያስፈራኝ። የሚያስፈራኝ «ተልባ ጠጥታለች፤ ትንሽ እንጠብቅ» እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው፤ በ2011 ይህ ቁጥር 17 በመቶ ነበር። የሁሉም ምክንያት የብረት እጥረት አይደለም፤ ወባና የአንጀት ትላትልም አሉበት። ያለ ምርመራ ምግብ ማዘዝ አደገኛ የሚሆነው በዚህም የተነሣ ነው።

ስለ ፎሌት በአጭሩ ልበል። የፅንሱ የአንጎልና የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ፣ ማለትም ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ምስር የፎሌት ሀብታም ነው፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 180 ማይክሮግራም ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለማርገዝ ለምታስብ ሴት የሚመከረው 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በእንክብል መልክ ነው፤ ምስሩ አብሮት እንጂ በእሱ ፈንታ አይበላም።

በመጨረሻ ወደ እንክብሉ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ይመክራል። ብዙ እናቶች ግን ይጀምሩትና ሆድ ያደርቃል ብለው ይተዉታል፤ ሰገራ ሲጠቁርም ይደነግጣሉ። ጥቁረቱ ከብረቱ የመጣ ስለሆነ አያስጨንቅም። ለሆድ ድርቀቱ ግን ተልባ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ አሰሩ አንጀትን ያለሰልሳል። ተልባም ፊታይት ስላለው ከእንክብሉ ጋር በአንድ ሰዓት አይወሰድ፤ እንክብሉ ጠዋት ከሆነ ተልባው ማታ ይሁን። ዘመዴ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ እንክብሏን የጨረሰችው በዚህ መንገድ ነው። ቀይ ሥሩንም አልተወችም፤ አሁን ግን በሰላጣ መልክ፣ ስለምትወደው ትበላዋለች።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።