ጳጉሜን የማያውቀው ዳታቤዝ

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ድረ ገጽ ይሠራልኝ ቢል ጥያቄው ያን ያህል የሚከብድ አይሆንም። ለየመሠረታዊ ማኅበሩ የወጣው ዩሪያና ሌላ ማዳበሪያ፣ የአባላት ስም፣ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን የገባው በቆሎ ተመዝግቦ ሲፈለግ እንዲገኝ ነው። ሥራውን የሚቀበለው ወጣት ግን ሰሞኑን የተማረውን ማሳየት ያምረዋል፦ ሪአክት፣ ኖድ፣ ክላውድ ላይ የተከራየ ዳታቤዝ። እኔ የምመክረው ፒኤችፒ የተባለውን ቋንቋና ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ነው። አርጅተዋል የሚለኝ ካለ፣ የመረጥኳቸውም ለዚሁ ነው።

ፒኤችፒን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ራስመስ ሌርዶርፍ መጀመሪያ የሠራው ለራሱ ገጽ ነበር። ኤስኪውላይትን ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ለቀቀው። ዳታቤዞች የሚታዘዙበት ኤስኪውኤል ደግሞ ከአይቢኤም ቤት የወጣ የ1970ዎቹ ቋንቋ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጉድለታቸው ተጋልጧል፣ መፍትሔውም ተጽፏል። የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ እንኳ ፒኤችፒ የሚያውቅ ተተኪ አይጠፋም።

መረጃው ራሱ ትንሽ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የአንድ ገበሬ ስም ከነአባቱ 10 ፊደል ቢሆን 30 ባይት፣ የ20,000 ገበሬ ስም 600,000 ባይት ነው፤ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ ያነሰ። የኤስኪውላይት አዘጋጆች በቀን ከ100,000 ያነሰ ጉብኝት ያለው ድረ ገጽ ያለ ችግር ይሠራበታል ይላሉ። ለዚህ ክላውድ መከራየት ምን ይባላል?

ዋናው ፈተና መብራት ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ለአንድ ገበሬ ሁለት ኩንታል ዩሪያ ሲያወጣ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ከክምችቱ ላይ ይቀነሳል፣ በገበሬው ስም ይመዘገባል። አንደኛው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ድርግም ቢልስ? ሁለት ኩንታል የገባበት ሳይታወቅ ይቀራል፤ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ደግሞ መጋዘን ያዡ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች እንደ አንድ ሥራ ተደርገው ከታዘዙ ኤስኪውላይት የዳታቤዙን ፋይል ከመንካቱ በፊት የሚለወጠውን ክፍል እንደነበረ ገልብጦ ጆርናል በሚባል ሌላ ፋይል ያስቀምጣል፣ ዲስኩ ላይ መድረሱንም ያረጋግጣል። መለወጥ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ተጽፈው ሲያልቁ ጆርናሉን ይሰርዘዋል፤ ሥራው ተፈጸመ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። መብራት መጥቶ ፋይሉ ሲከፈት ጆርናሉ ሳይሰረዝ ከተገኘ ሥራው መሐል ላይ እንደተቋረጠ ይታወቃል፤ የተገለበጠው ይመለስና ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ የሚጠቀም ሰው ተመሳሳይ ጥበቃ የሚያገኘው ኢኖዲቢ በተባለው የሠንጠረዥ ዓይነት ነው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይመርጡት ይመጣ የነበረው ማይአይሳም ይህ የለውም፤ አሮጌ ማሽን ላይ ያገኘው ሰው ዛሬውኑ ይቀይረው።

ወደ ኔትወርኩ እንምጣ። አዲሶቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ገጹን የሚያዘጋጁት በተጠቃሚው ስልክ ላይ ስለሆነ አንዲት ቁጥር ለማየት በመቶ ኪሎባይት የሚቆጠር ጃቫስክሪፕት አስቀድሞ ይወርዳል። ፒኤችፒ ሠንጠረዡን ሰርቨሩ ላይ ጨርሶ ይልካል። ሰርቨሩም እዚያው ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱን ያየ ሰው ይህን አይንቀውም። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 እንኳ የቆመው በጃቫና በፖስትግሬስኪውኤል፣ ማለትም በቆዩ ቴክኖሎጂዎች ላይ ነው።

የቆየና የሞተ ግን ይለያያሉ። ፒኤችፒ 5.6 ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም፤ ፍላሽም በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተቀብሯል። መሣሪያው የቆየ፣ እትሙ የቅርብ ይሁን።

ዳን ማክኪንሊ የተባለ መሐንዲስ በ2015 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጣጥፍ አንድ ድርጅት አዲስ ነገር የሚሞክርበት አቅም ከሦስት ቲኬት እንደማይበልጥ አድርጎ እንዲቆጥረው መክሮ ነበር። ምዕራብ ጎጃም ላይ ቲኬቱ የሚፈለግበት ቦታ ሞልቷል። ዳታቤዝ ጳጉሜን አያውቅም፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለውም። ጥቅምት 30ን «2017-02-30» ብሎ ያስገባ ሠራተኛን ማይኤስኪውኤል ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ኤስኪውላይት ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ይሄ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚታየው ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተቀምጦ በእኛው ይታይ፤ መለወጫው ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

የከተማዋም ስም ጣጣ አለው። አንዱ «ፍኖተ ሰላም»፣ ሌላው «ፍኖተ ሠላም» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፊደላት ዝምድና ስለሌላቸው ሪፖርቱ ላይ ሁለት ከተማ ሆነው ይወጣሉ። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሀይሉም ሦስት ገበሬ ሆነው ሦስት ጊዜ ማዳበሪያ ይመደብላቸዋል። መላው ስሙን በሁለት ዓምድ መያዝ ነው። በአንደኛው ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ሐ፣ ኀ፣ ኃና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው ይገባሉ፤ ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄዳል፣ ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ግን የመጀመሪያው ነው።