ኮዱ ሳይነካ የሚፈርስ ደኅንነት

የሶዶ ነጋዴ የዝንጅብሉን ሒሳብ በስልኩ ሲቀበል መልእክቱ የሚጓዘው ተመስጥሮ ነው። እንዲህ ያለ አፕ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ምስጠራውን ከባዶ አይጽፉትም፤ እንደ ኦፕንኤስኤስኤል ያለ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ላይብረሪ ይጠቀማሉ። አጠቃቀሙን የሚያውቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮዱን መርምረው ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን ማብራሪያ አንብበው ነው። ማብራሪያው ከተሳሳተ፣ የኮዱ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለወጥ ደኅንነቱ ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የቴክሳስ ኦስቲንና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአጠቃቀም ስህተት ብቻውን ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ ጉድ አገኙ። ከርል የተባለው የዳታ ማስተላለፊያ ላይብረሪ፣ ሰርቨሩ ያቀረበው ሰርተፍኬት የተፈለገው ድርጅት መሆኑን የሚያጣራበት ቅንብር አለው። ትክክለኛው ዋጋ 2 ነው፤ ካልነኩትም 2 ሆኖ ይቆያል። 1 ግን በዚያን ጊዜ ሰርተፍኬቱ ላይ ስም መኖሩን ብቻ ያይ ነበር፣ የማን ስም እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ብዙዎች ማጣሪያውን ያበሩ መስሏቸው «እውነት» የሚል ዋጋ ሰጡት። ኮምፒውተሩ ያንን 1 ብሎ አነበበው። የአማዞን የክፍያ ላይብረሪ ሳይቀር በዚህ ተሰናክሏል። መሐል የገባ ሌባ በራሱ ስም ያወጣውን ሰርተፍኬት ይዞ ባንክ መስሎ ማለፍ ይችል ነበር።

የከርል ማብራሪያ የቁጥሮቹን ልዩነት በትክክል ጽፎት ነበር። እስቲ አንድ በጎ ፈቃደኛ «አንቀጹ ረዝሟል» ብሎ «ለማብራት እውነት ይበሉት» ብሎ አሳጠረው እንበል። ኮዱ ስላልተነካ የሚመረመርባቸው ፈተናዎች በሙሉ ያልፋሉ። «ሰነድ ብቻ ነው» የሚባልለት ለውጥ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው፤ የሚያስጠነቅቅ ማሽን የለውም።

ስህተቱ ሲታወቅ ለውጡ ሪቨርት ይደረጋል፣ ማለትም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው የለውጥ መመዝገቢያ በዚህ ጊዜ የተሳሳተውን ለውጥ ከታሪክ አይፍቅም። ጥሩ የሒሳብ ሠራተኛ የተሳሳተውን ምዝገባ ሳይሰርዝ ማስተካከያ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ተቃራኒውን እንደ አዲስ ለውጥ ከላይ ይመዘግባል። ማን መለሰው፣ መቼ መለሰው የሚለው ይቀራል። ለምን የሚለውን ግን ሰው ካልጻፈው ጊት ከየትም አያመጣውም። ምክንያት ሳይጽፉ መመለስን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሌላ በጎ ፈቃደኛ መጥቶ ያንኑ አንቀጽ፣ በዚያው ቅንነት፣ ደግሞ ያሳጥረዋል።

ሪቨርት የማይደርስበትም ቦታ አለ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ላነበው ብሎ ማብራሪያውን ያወረደ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፍላሽ ለጓደኞቹ ያካፈለው ቅጂ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ማብራሪያው የተጻፈለት የዕትም ቁጥርና ማሽኑ ላይ የተጫነው ላይብረሪ ቁጥር መመሳከር አለባቸው። ያቺው 1 በከርል ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 መጨረሻ በዝምታ ታልፍ ነበር፤ ከዕትም 7.28.1 ጀምሮ የስህተት መልእክት ታስከትል ነበር፤ ከ7.66.0 ወዲህ ደግሞ እንደ 2 ትቆጠራለች።