«የሰው ያለህ!» ስንል ማንን ነው የምንጠራው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 13 ቀን 1964 ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አለፍ ብሏል። የ28 ዓመቷ ኪቲ ጄኖቬዝ ከምሽት ሥራዋ ተመልሳ፣ በኒውዮርክ ኩዊንስ ኪው ጋርደንስ በሚባለው ሰፈር መኪናዋን አቆመች። ቤቷ ሳትደርስ አንድ የማታውቀው ሰው በጩቤ ወጋት። ጮኸች። አንድ ጎረቤት በመስኮት ሆኖ ልጅቷን እንዲተዋት ሲጮህበት ሰውየው ሸሸ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ጨረሳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ይዞት የወጣው ዜና አገር አናወጠ። 38 ሰዎች ግድያውን ከግማሽ ሰዓት በላይ እያዩ አንዳቸውም ፖሊስ አልጠሩም ይላል። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ ከተማ የሰው ልብ ያደነድናል፣ ጎረቤት ድሮ ቀረ።

ሁለት ወጣት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን በዚህ ፍርድ አልረኩም። ጆን ዳርሊ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢብ ላታኔ ደግሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። እራት አብረው እየበሉ ወሬው ተነሣና የሁሉንም ጥያቄ ገለበጡት። ሰው ሁሉ «38 ሰው እያለ እንዴት አንድ ጠፋ?» ይላል። እነሱ ደግሞ፣ «ማንም ያልደረሰላት 38 ስለነበሩ ቢሆንስ?» አሉ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ የተገላቢጦሽ ነገር ነው። በወሬ የሚያምን ስለማይኖር መፈተን ነበረበት።

ሙከራው እንዲህ ነበር፦ አንድ ተማሪ ስለ ኮሌጅ ኑሮ ልትወያይ ነው ተብሎ ብቻውን አንዲት ክፍል ይገባል። ተወያዮቹ እንዳይተፋፈሩ በሚል አይተያዩም፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ፊቱ ማይክሮፎን ብቻ። ተራ በተራ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያወራሉ። አንደኛው ድምፅ፣ በተለይ በፈተና ሰሞን የሚጥል በሽታ እንደሚነሣበት እያፈረ ይናገራል። ተራው ዳግም ሲደርሰው ምላሱ ይተሳሰራል፣ ቃሉ ይቆራረጣል፣ ትንፋሽ እያጠረው እርዱኝ ይላል። ከዚያ ጸጥ። ድምፁ አስቀድሞ በቴፕ የተቀዳ ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዓት ይዘው የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ተማሪ በሩን ከፍቶ ይወጣል ወይስ አይወጣም?

በ1968 የታተመው ውጤት እንዲህ ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ከመቶ 85ቱ ልጁ እየተሠቃየ ሳለ ተነሥተው ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የወጡት ከመቶ 31 ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ ተመራማሪው በሩን ሲከፍት፣ ወንበራቸው ላይ የቀሩት ተማሪዎች በግዴለሽነት ተዘርፍጠው አላገኛቸውም። የብዙዎቹ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፋቸው በላብ ርሷል፣ ልጁ ደኅና መሆኑን ይጠይቃሉ። ልባቸው አልደነደነም፤ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ተይዟል። ሸክሙን ለሌሎቹ አከፋፍለውት ለየራሳቸው የደረሳቸው ድርሻ ከወንበር የሚያስነሣ አልሆነም። ዳርሊና ላታኔ ይህን «የኃላፊነት መበታተን» አሉት።

ቀጥለው ደግሞ ሰዎች ሲተያዩ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። በኮሎምቢያ ተማሪዎች መጠይቅ እየሞሉ ሳሉ ከግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይገባ ጀመር። ብቻቸውን ከነበሩት 24 ተማሪዎች 18ቱ ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው እንዲቀመጡ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት 10 ተማሪዎች ግን የተናገረው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ይስላሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ፣ ጭሱን በእጃቸው እየገፉ ይጽፋሉ። አደጋ መሆኑንና አለመሆኑን ከጭሱ ሳይሆን ከጎናቸው ካለው ሰው ፊት ያነቡ ነበር።

ሃይማኖትስ? ዳርሊ ከዳንኤል ባትሰን ጋር ሆኖ የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተነ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ፣ መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር አቀርቅሮ ተቀምጦ ያስላል። ጊዜ ከነበራቸው ከመቶ 63ቱ ረዱት፤ ረፍዶባችኋል ከተባሉት 10 በመቶ ብቻ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ሊያስተምሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ይህ ያመጣው ያን ያህል ለውጥ የለም። አንዳንዶቹ ወደዚያው ስብከት ሲቻኮሉ ሰውየውን ተራምደውት አለፉ።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ የታሪኩ መነሻ ራሱ ተናጋ። በ2007 ሦስት ምሁራን የፍርድ ቤት ማስረጃዎችን አገላብጠው፣ 38 ሰዎች ቆመው ግድያውን ተመለከቱ ለሚለው ማስረጃ እንደሌለ ጻፉ። እንዲያውም አንዲት ጎረቤት በዚያ ሌሊት ሮጣ ወርዳ ኪቲን እስክትወሰድ አቅፋት ነበር። ጋዜጣውም በ2016 ዘገባው ስሕተት እንደነበረበት አመነ።

መነሻው ቢናጋም ሙከራዎቹ አልፈረሱም። ቢሆንም በ2019 የወጣ ጥናት ሌላውን ገጽ አሳየ። ተመራማሪዎች በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን የመንገድ ካሜራዎች የተቀረጹ 219 ጠቦችን ተመለከቱ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቷል፤ ተመልካች በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚገባ ሰው የመገኘቱ ዕድል ጨመረ። ሁለቱ ግኝቶች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አልተጣሉም። አንዱ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ሰው ይነሣል ወይ ብሎ ነው፤ ሌላው ከመካከላቸው አንድ ይገኛል ወይ ብሎ። በዚያ ላይ የመንገድ ጠብ በግልጽ ይታያል፤ በየክፍሉ ተዘግቶ ድምፅ ብቻ እንደመስማት አይደለም። ነገሩ አደጋ መሆኑ በግልጽ ሲለይ የብዙ ሰው መኖር እጅ የማሰር ኃይሉ እንደሚላላ ሌሎች ጥናቶችም አሳይተዋል።

እንግዲህ ሰውን ለእርዳታ የሚያስነሣው ምንድን ነው? ነገሩ አደጋ መሆኑ መታወቁ፣ ትንሽ ጊዜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይህ የኔ ነው» ማለት። የኛ ጩኸት «የሰው ያለህ!» ነው። አገር ምድሩን ይጣራል እንጂ ለይቶ የሚጠራው ሰው የለም። የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጣኞች ይህን አውቀው ነው፣ ጣትህን ወደ አንድ ሰው ቀስር የሚሉት። «ወንድሜ፣ ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ አንተን ነው! አምቡላንስ ጥራልኝ!» ባለ ቀይ ሹራቡ ከዚያ በኋላ ሸክሙን ለማንም ማካፈል አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1978 የታተመ ጥናት ስለ ዳርሊና ላታኔ ግኝት የተማሩ ሰዎችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተናቸው። ሌላ ሰው አይቶ እንዳላየ ባለፈበት ቦታ ለወደቀ ሰው ቆመው የረዱት፣ ካልተማሩት 25 በመቶ ሲሆኑ ከተማሩት 43 በመቶ ነበሩ። እዚህ ድረስ ያነበብክ ሰው አሁን ከተማሩት ወገን ነህ። የሚቀጥለው «የሰው ያለህ!» ሲሰማ፣ ሹራብህ ምንም ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ የተጠራኸው አንተ ነህ።