ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የት ሰፈር እንደር?

ማለዳ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ መንገደኛ ይመስላል። ከጂቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የመጡ ከባድ መኪናዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሾፌሮች ፊታቸውን ታጥበው ቡና ይጠጣሉ። ትራንዚተሮች ሰነዳቸውን በብብታቸው ይዘው ይጣደፋሉ። በዚህ ግርግር መካከል ጀበናዋን ከሰል ላይ ጥዳ የምትሠራ አንዲት እናት አነጋግረን ነበር። ስለ ጉዞ እንድታጫውተን ስንጠይቃት ሳቅ ብላ፣ «እኔ መንገደኛ እሸኛለሁ እንጂ መቼ ተጉዤ አውቃለሁ?» አለችን። ጥቂት ቆይታ ግን ሳቋን ትታ፣ የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ለሕክምና አዲስ አበባ የሄደችበትን ጊዜ ነገረችን። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻም ይኸው ነው።

ልጁ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። በሞጆ ያዩት ሐኪም ልቡን ካዳመጡ በኋላ የሪፈር ወረቀት ጽፈው ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ቀጠሮው ለጧቱ 2 ሰዓት ነበር። እናት ከዋዜማው ገብታ ከባለቤቷ እህት ዘንድ አደረች። እኚህ እህት ቀድሞ ካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩና ቤታቸው ሲፈርስ በከተማው ዳርቻ ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ ናቸው። እንግዳቸውን በደስታ ተቀበሉ፤ አጠገባቸው አስተኙ፤ ጧትም ቁርስ ሳያበሉ አልሸኙም። እናትና ልጅ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ሆስፒታሉ ሲደርሱ ግን ሰዓቱ 3 ተኩል ሆኖ ነበር። የዕለቱ ተራ ሞልቷል። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

«ያንን ሁለት ወር እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው» ትላለች። «ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር።»

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የባለቤቷ እህት ደግ ናቸው። እናቲቱም ቸልተኛ አይደለችም። ስሕተቱ ከጉዞው በፊት መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ይኸውም «ጧት የት መድረስ አለብኝ? ለዚህስ የት ሰፈር ባድር ይሻለኛል?» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን «ዘመድ የት አለ? አልጋ የት ይረክሳል?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ ይህንን አናነሣውም።

የምናውቀው ከተማ ተለውጧል

ቀድሞ ከሞጆ ወይም ከአዳማ ለሚመጣ እንግዳ ነገሩ ቀላል ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር መንገደኛውን የሚያወርደው ከመሀል ከተማው፣ ከለገሀር ነበር። ከባቡር የወረደ ሰው ሆቴሉን፣ ፖስታ ቤቱንና ሆስፒታሉን በእግሩ ያገኛል። ዘመድም ቢሆን ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ አይጠፋም። እናቶቻችን «አዲስ አበባ እኮ እጅ ላይ ናት» ይሉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ያ አሮጌ ባቡር ወደ ለገሀር አይመጣም። በእሱ ፈንታ የተሠራው አዲሱ ባቡር የአዲስ አበባ መንገደኞቹን የሚያወርደው ከከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ለቡ ላይ ነው። ከሞጆና ከአዳማ የሚነሡ አውቶቡሶችም የሚገቡት ቃሊቲ መናኸሪያ ነው። የአዲስ አበባ-አዳማ ፈጣን መንገድ ከሞጆ ያለውን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ እጅግ አሳጥሮታል። ሆኖም ፈጣኑ መንገድ የሚያበቃው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የከተማ መንገድ፣ በተለይ በማለዳ፣ ከሞጆ ቱሉ ዲምቱ ከመጣችሁበት ሊረዝም ይችላል።

ሰፈሮቹም ቢሆኑ እንደ ቀድሞው አይደሉም። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ከዚያም በፊት በኮንዶሚኒየም ዕጣ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ቱሉ ዲምቱ የሄዱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በልባችሁ የያዛችሁት የዘመድ አድራሻ ዛሬም ያው መሆኑን ሳታረጋግጡ ሻንጣ አታንሡ። «ቦሌ ነው የምኖረው» ያለ ዘመድ ሁሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይኖራል ማለትም አይደለም። ቦሌ አራብሳ በከተማው ምሥራቃዊ ጫፍ የሚገኝ ሌላ ሰፈር ነው።

ሰፈሩን ጉዳያችሁ ይምረጠው

አመራረጡ ከባድ አይደለም። የምትሄዱበትን ጉዳይ ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከዚያ በኋላ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበትን ማደሪያ ፈልጉ።

ጉዳያችሁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሆነ፣ ለገሀር፣ ፖስታ ቤት፣ ሜክሲኮና ልደታ ይቀርቧችኋል። ለጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ስታዲየምና ለገሀር ይመቻሉ። ወደ ቅዱስ ጳውሎስ የምትሄዱ ከሆነ ሆስፒታሉ ጉለሌ ነውና ማደሪያችሁን በዚያው በኩል ፈልጉ። የካቲት 12 ሆስፒታል ስድስት ኪሎ፣ ለዓይን ሕክምናው የሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ በየካ በኩል፣ አማኑኤል ከመርካቶ አቅራቢያ፣ አለርት ደግሞ በጅማ መንገድ ዘነበወርቅ አካባቢ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ «አዲስ አበባ» ይባሉ እንጂ አንዱን ከሌላው ከተማውን ማቋረጥ ይለያቸዋል።

ለንግድ ዕቃ የምትሄዱ እህቶች መርካቶና አውቶቡስ ተራ ቢመቿችሁ አያስደንቅም። አልጋው ይረክሳል፤ ሸቀጡም በራፍ ላይ ነው። ነገር ግን ሌት ተቀን ጫጫታ አይለየውም። ገንዘብ ለያዘች ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ደግሞ በምሽት መንቀሳቀሱ አይመከርም። የታመመ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ርካሽነቱ ብቻ አያታልላችሁ።

ከዓረብ አገር የምትመለስ ልጃችሁን ወይም እህታችሁን ልትቀበሉ የምትሄዱ ከሆነና አውሮፕላኑ ሌሊት የሚገባ ከሆነ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ወደ ቦሌ መጠጋቱ ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል። ጉዳያችሁ ቃሊቲ ጉምሩክ ከሆነ ደግሞ መሀል ከተማ መግባት ለምን ያስፈልጋል? ሳሪስ ወይም እዚያው ቃሊቲ ማደሩ ይበቃል። ቀጠሮው ከረፈደ በኋላ ከሆነም ጨርሶ ማደር ላያስፈልግ ይችላል። ማልዶ ከሞጆ ተነሥቶ ማታ ከልጆች ጋር እራት መብላት ይቻላል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ተነሥቶ በሳሪስ፣ በጎተራ፣ በስታዲየም፣ በለገሀር፣ በሜክሲኮና በልደታ ያልፋል። ከሞጆ ለሚመጣ ሰው ይህ መስመር ጠቃሚ ነው። ይሁንና ይጨናነቃልና፣ ሰዓት የተቆረጠለት ቀጠሮ ያላችሁ ሁሉ በእሱ ብቻ አትመኩ።

ዘመድ ቤት ወይስ አልጋ?

እዚህ ላይ የሚያስቸግረን ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለ። የቡና ነጋዴዋ እናት፣ «የባለቤቴ እህት እያሉ አልጋ ብይዝ፣ ንቃን ነው ይሉኝ ነበር» ብላናለች። ይህ ሐሳብ የእሷ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

እስቲ በቅድሚያ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። እናትና ልጅ ለአንድ ጉዞ ሦስት ታክሲ ቢቀያይሩ 6 ሂሳብ ይከፍላሉ። ደርሶ መልሱ 12 ይሆናል። ሕክምናው ሦስት ቀን ቢፈጅ 36 ሂሳብ ነው። ከዚህም ሌላ ባዶ እጅ ዘመድ ቤት አይገባም፤ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ፍራፍሬው አለ። ነፃ የመሰለን ማደሪያ ነፃ አለመሆኑን የምናየው ይህን ስንደምር ነው። ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ጉዞው ከነወጪው ይደገማል። ለቀን ሠራተኛና በየዕለቱ ሸጣ ለምታድር እናት፣ የቀረችበት ቀን ሁሉ ገቢ የሌለው ቀን ነው።

ይህ ሲባል ግን ዘመድ ይቅር ማለታችን አይደለም። የዘመድ ቤት አልጋ የማይሰጠው ነገር አለው። ልጁ ሌሊት ቢብስበት አብሮ የሚነሣ ሰው አለ፤ ትኩስ ምግብ አለ፤ ሐኪሙ ያለውን ደግሞ የሚያስረዳ የተማረ የወንድም ልጅ ይገኛል። ስለዚህ ዘመዱ ከሆስፒታሉ በአንድ ታክሲ ርቀት ካለ እዚያ እደሩ። ሩቅ ከሆነ ግን ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ በግልጽ ንገሩ። «እትዬ፣ ቀጠሮው በማለዳ ስለሆነ የዋዜማውን ሌሊት ሆስፒታሉ አጠገብ እናድርና፣ ጉዳያችን ሲያልቅ እርስዎ ዘንድ መጥተን እናድራለን» ቢባል የሚቀየም ዘመድ ጥቂት ነው። የሚያስቀይመው ሳይነግሩ ገብቶ መውጣት ነው። ከተቻለም ዘመዳችሁን በዋዜማው ሆስፒታሉ ሰፈር ሄደው አልጋውን እንዲያዩላችሁ ለምኑ። ይህ እነርሱንም የሚያስደስት እገዛ ነው።

አልጋ ከመያዛችሁ በፊት

ቦታው ላይ ቀን በብርሃን ድረሱ። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን ገብታችሁ እዩ። በሩ ከውስጥ በደንብ ይቆለፋል? ውኃ አለ? መጸዳጃው በክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ የጋራ? ከሥር መጠጥ ቤት ካለ የታመመ ልጅ አይተኛም። ዋጋው ለአንድ ሌሊት መሆኑንና ጧት በስንት ሰዓት መልቀቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ያለ መታወቂያ አልጋ የሚሰጥ ቤት ከተገኘም እሱን ራሱን መጠርጠር ነው። ገንዘባችሁን አንድ ቦታ አትያዙ። የሪፈሩን ወረቀት፣ የጤና መድን ደብተሩንና የቀድሞ ምርመራ ውጤቶችን በአንድ ማኅደር አድርጋችሁ ከእጃችሁ አትለዩ።

ብርዱንም አስቡበት። ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ መሀል አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ወደ ጉለሌና ወደ እንጦጦ በኩል ደግሞ መሬቱ ከዚያም ይበልጥ ከፍ ይላል። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት የለመደ ልጅ በነጠላ ልብስ ሄዶ ጉንፋን ይዞ እንዳይመለስ ሹራብና ጋቢ ያዙለት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ጊዜ ሳታጠፉ ከማደሪያችሁ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አንድ ጊዜ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ካርድ የሚወጣበትን መስኮት ጠይቁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ጧት በጥድፊያ ከመጥፋት ማታ በእርጋታ መንገዱን ማወቅ ይሻላል።

የሞጆዋ እናት ሁለተኛውን ቀጠሮ ያከበረችው እንዲሁ አድርጋ ነው። አስቀድማ ለባለቤቷ እህት ደወለች። እሳቸውም ሳይቀየሙ በዋዜማው ሆስፒታሉ አቅራቢያ አንዲት ትንሽ ክፍል አይተው ያዙላት፤ ምሳም በሳሕን ቋጥረው አመጡላቸው። ጧት ልጇን በእጇ ይዛ፣ አንድም ታክሲ ሳትይዝ፣ 1 ተኩል ሲሆን በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ታየ፤ በሽታው ታወቀ። አሁን በየወሩ በሞጆ መርፌውን ይወጋል፤ ትምህርቱንም አላቋረጠም። ለሚቀጥለው ክትትል መቼ እንደምትሄድ ስንጠይቃት ቀኑን ከነሰዓቱ ነገረችን። አልጋው የት እንደሚያዝም ጨምራ ነገረችን።

እናንተም መንገድ ስታስቡ መጀመሪያ የጉዳያችሁን ቦታና ሰዓት በወረቀት ጻፉ፤ ማደሪያችሁን ከዚያ በኋላ ምረጡ። መልካም ጉዞ እንመኝላችኋለን።