ሊብሬው በማን ስም ነው? ፎቶ ላይ ስለምናየው መርሴዲስ

መካነ ኢየሱስ ባጃጅ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ሰሞኑን ወረፋ እየጠበቀ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ጥቁር መርሴዲስ ኤስ ክላስ ተደግፎ ቆሟል። «ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። እኔ እዚህ አምስት ዓመት ሙሉ ጎማ ስቀይር ነው የኖርኩት» አለኝ። ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ባጃጁን ሸጦ ለደላላ ሊከፍል አስቧል።

ማታ ላይ ደወልንለት። የእናት የአባት ጤና ተጠያይቀን ካበቃን በኋላ የመኪናውን ነገር ስናነሳበት ሳቀ። «ኧረ የኔ አይደለም፣ ሊዝ ነው። ከቤት ኪራዬ በላይ ነው የምከፍልባት» አለ።

እኛ ሊዝ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ቦታ ነው። የከተማ ቦታ ለመኖሪያ በሊዝ ሲያዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ቤት ይሠራበታል፣ ለልጅ ይወረሳል። የአሜሪካ የመኪና ሊዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ቢሆን ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ወይ ቁልፉን መልሶ መሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ ውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ መግዛት። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ድርጅት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። መኪናው አዲስ ሲሆን 120 ሺህ ዶላር ነው እንበል። አከራዩ ከ3 ዓመት በኋላ 66 ሺህ ያወጣል ብሎ ይገምታል። ልዩነቱ 54 ሺህ ነው። ለ36 ወር ሲካፈል በወር 1,500 ይመጣል፤ ወለድና ታክስ ሲጨመርበት ወደ 2,000 ይጠጋል። ልብ በሉ፣ የሚከፈለው የመኪናው ዋጋ አይደለም። መኪናው በእጃችሁ እያለ ያጣውን ዋጋ ነው የምትከፍሉት። ያንኑ መኪና በ5 ዓመት ብድር ብትገዙት ደግሞ ዋናው ብቻ በወር 2,000 ነው፣ ወለዱ ሌላ። ግን መጨረሻ ላይ መኪናው የእናንተ ይሆናል።

ታዲያ ሰው ለምን ሊዝ ይገባል? እዚያ አገር መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ ትልልቅ የቅንጦት መኪኖች ደግሞ ከሌላው ይብስባቸዋል። ጥገናቸውም አይቻልም። መርሴዲስ አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ መኪና የሚሰጠው ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ስለሆነ፣ የ3 ዓመት ሊዝ የሚያልቀው ዋስትናው ሳያልቅ ነው። በየሦስት ዓመቱ አዲስ መኪና ለሚፈልግና ገቢው ለሚፈቅድለት ሰው ነገሩ ስሌት አለው።

ችግሩ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። በዓመት የሚነዳው ርቀት ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሺህ ማይል። ካለፈ በማይል ይከፈላል። 25 ሳንቲም ነው ብንል፣ በዓመት 10 ሺህ ማይል ያሳለፈ ሰው በ3 ዓመት 7,500 ዶላር ዕዳ ይጠብቀዋል። አብዛኛው የግል ሊዝ ደግሞ መኪናውን ለንግድ ማሠራት ይከለክላል፤ ኡበር ልሥራባት ማለት አይቻልም። ጭረቱም ይቆጠራል። ሳይደርስ ልመልስ ያለ ሰው የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ያስለቅሳል።

እኛ ጋ ነገሩ ግልብጥ ነው። እዚህ አገር መኪናውን ነድቶ ነድቶ ከገዛበት በላይ የሚሸጥ ሰው አይተናል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ትልቅ ሞተር ባለውና ባረጀ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዚህ ሁሉ መሀል አገር ውስጥ ያለ መኪና እንደ ወርቅ ተያዘ። ለዚህ ነው ፎቶውን ስናይ «መኪና አለው» ማለትን «ሀብት አለው» ብለን የምንተረጉመው። እዚያ ግን ያው መኪና በየወሩ ገንዘብ የሚበላ ነገር ሊሆን ይችላል።

የዕቃ ሊዝ እኛም አገር በሕግ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። አዋጅ ቁጥር 103/1990 የካፒታል ዕቃ ኪራይን ፈቅዷል፤ በአዋጅ 807/2005 ተሻሽሏል። በክልላችንም ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የሚሠራው በዚሁ መስመር ነው። ሐሳቡ ግን ለመታያ መኪና አይደለም፤ እንደ እንጨትና ብረታ ብረት ማሽን ያለ፣ ሠርቶ ኪራዩን የሚከፍል ዕቃ ነው። በዱቤ ግዢው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ሲያልቅ ማሽኑ የተከራዩ ይሆናል። ለእኔ ከመርሴዲሱ ይልቅ ይኼኛው ነው የሚያጓጓው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ጓደኛዬ ቆየት ብሎ «ሊብሬው በማን ስም ነው?» ሲል ጠየቀው።

«በድርጅቱ። መጋቢት ላይ እመልሳታለሁ። ከዚያ ያገለገለች ካምሪ ፈልጌ እገዛለሁ፣ ሰልችቶኛል።»

የጓደኛዬ ባጃጅ በዕቁብ ብር የተገዛች ናት፤ ሊብሬዋ በስሙ ነው። ለደላላው እስካሁን ምንም አልከፈለም።