ሞት፣ ጸጸትና መተማመን በሁለት አጫጭር ልቦለዶች

ልቦለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። እርግጥ ነው፣ ዕድሜን በከንቱ የሚበላ ድርሰት ሞልቷል። ይሁን እንጂ አንዳንድ አጫጭር ልቦለዶች በጥቂት ገጾች የሰውን ውስጥ ገልጠው ያሳያሉ። በተለይም ሞት፣ ጸጸትና መተማመን በአንድ ታሪክ ሲገናኙ የሰው ማንነት ፍንትው ብሎ ይወጣል። ለዚህም ሁለት ሥራዎችን እንመልከት።

ከወለሉ ሥር የተሰማው ድምፅ

የመጀመሪያው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1843 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ምስጢር አውጪው ልብ» የተሰኘው ታሪክ ነው። ተራኪው አንድ ሽማግሌ ይገድላል። ሽማግሌው አልበደለውም፤ እርሱም ገንዘቡን አልፈለገም። የጠላው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው። ሰባት ሌሊት እያደባ ያየዋል፤ ሲነጋ ደግሞ በስሙ እየጠራ እንዴት እንዳደረ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው ምንም አልጠረጠረም። በስምንተኛው ሌሊት ተገደለ፤ ሬሳውም ከወለሉ ሳንቃ ሥር ተደበቀ።

ሦስት ፖሊሶች ሲመጡ ገዳዩ ወንበሩን እዚያው ሳንቃ ላይ አስቀምጦ ያጫውታቸው ጀመር። እነርሱ አላወቁበትም። እርሱ ግን የልብ ምት ተሰማው፤ ድምፁም እየበረታ ሄደ። በመጨረሻ መቋቋም ሲሳነው ጮኾ ራሱን አጋለጠ። ልብ እንበል፤ ለሟቹ አንዲት የሐዘን ቃል አልተነፈሰም። የፈለገው ድምፁ እንዲያርፍለት ብቻ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት

ሁለተኛው ሩሲያዊው ሊዮ ቶልስቶይ በ1872 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «አምላክ እውነቱን ያያል፤ ግን ቶሎ አይናገርም» ነው። ቶልስቶይ በኋላ ዘመኑ የገዛ ሥራዎቹን አብዛኞቹን ሲነቅፍ ይህን ግን ከጥሩዎቹ ቆጥሮታል።

አክሲዮኖቭ የተባለ ነጋዴ ወደ ገበያ ሲጓዝ አብሮት ያደረ ነጋዴ ተገድሎ ተገኘ። በደም የተነከረ ቢላዋም ከአክሲዮኖቭ ሻንጣ ወጣ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እስር ቤት መጣች። ፀጉሩን እየዳበሰች «እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ አልነበርክም?» ብላ ጠየቀችው። አክሲዮኖቭ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያች ቀን በኋላ አቤቱታ መጻፉን ተወ፤ እውነቱን የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው ብሎ ወደ እርሱ ብቻ ይለምን ጀመር። ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይልቅ የሰበረው የሚስቱ ጥርጣሬ ነበር።

በሳይቤሪያ 26 ዓመት ከቆየ በኋላ እውነተኛው ገዳይ ማካር ወደዚያው እስር ቤት መጣ። አክሲዮኖቭ ከንግግሩ አወቀው። ማካር ለማምለጥ ከግድግዳው ሥር ሲቆፍር ያየውም እርሱ ነበር። ቁፋሮው ሲደረስበት አዛዡ እውነተኛ ሰው ነው ብሎ አክሲዮኖቭን ጠየቀው። አንዲት ቃል ብትወጣው ማካር በግርፋት ይሞት ነበር። አክሲዮኖቭ ግን አልተናገረም።

በዚያው ሌሊት ማካር ከእግሩ ሥር ተንበረከከ። ነጋዴውን የገደለና ቢላዋውን የደበቀ እርሱ መሆኑን ነግሮ ይቅርታ ለመነው። አክሲዮኖቭ ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹም ረስተውታል፤ የሚሄድበት አልነበረውም። ሁለቱም አለቀሱ። ይቅርታ ሲያደርግ ግን የአክሲዮኖቭ ልብ ቀለለው። ማካር ጥፋቱን ለባለሥልጣናት አመነ፤ የመፈቻው ትእዛዝ ሲደርስ ግን አክሲዮኖቭ ሞቶ ነበር።

ምን እንማራለን?

የፖ ገዳይ የተናገረው ራሱን ለማሳረፍ ነው፤ ማካር ግን ወደ በደለው ሰው ሄደ። የመጀመሪያው ፍርሃት ሲሆን ሁለተኛው ጸጸት ነው። ማካርን ያንበረከከውም ዛቻ አልነበረም፤ ሊያጠፋው ሲችል ዝም ያለለት ሰው ውለታ ነው።

ሞት በበኩሉ ቀጠሮ አይሰጥም። የሚስቲቱ ጥያቄ በፍቅር እጅ የቀረበ ቢሆንም መልሳ የምታስተካክልበት ዕድሜ አላገኘችም። የመንግሥት ትእዛዝም ዘገየ። በጊዜው የደረሰው በዚያች ሌሊት የተሰጠው ይቅርታ ብቻ ነው።

እናም ወላጆች ሆይ! እንዲህ ያለውን ታሪክ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። «አንተ አክሲዮኖቭን ብትሆን ለአዛዡ ምን ትመልስ ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ። ወጣቶችም የሰው ሐቅ ካለባችሁ «አፉ በለኝ» ለማለት ነገን አትጠብቁ፤ የበደላችሁት ሰው ዛሬ በሕይወት አለና።